የትኛው ሚልጋ (የተማሪ ድጎማ) ይሻላል? እኔ የከተማውን እላለሁ

በዓላቱ አልፈው የዩኒቨርሲቲ መክፈቻ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። እዚህ እስራኤል ኔታንያ ከተማ ያለችው አክስቴ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስቴ ደውላለች። ልጇ ወታደርነቷን ጨርሳለች፤ የትኛውን ሚልጋ ትሙላ ነው ጥያቄው። ሌሎቹም የሚጠይቁኝ ይህንኑ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ለሁሉም ይሁን።

መጀመሪያ ግን ዋጋው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት ከ11 እስከ 12 ሺህ ሸቀል አካባቢ ነው። ከመንግሥት በጀት የማያገኝ የግል ኮሌጅ ግን 30 ሺህ ይጠጋል፣ ያልፋልም። በሦስት ዓመት አስሉት። ይህን ልዩነት የሚሸፍን ሚልጋ አላየሁም። የአጎቴ ልጅ ማስታወቂያ አይቶ ግል ኮሌጅ ገባና ወታደርነቱን ሲጨርስ የተቀመጠለት ገንዘብ፣ ፒካዶኑ፣ ሁሉ እዚያው አለቀ። ለቤት ብሎ ያሰበው ገንዘብ ነበር።

አዲስ ገቢ ከሆናችሁ መጀመሪያ ሚንሃል ሃስቱደንቲምን፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን የሚረዳውን የመንግሥት ቢሮ፣ ጠይቁ። የትምህርት ክፍያውን ራሱን ይከፍላል። ባጠቃላይ እስራኤል በገባችሁ በሦስት ዓመት ውስጥ መጀመር አለባችሁ፤ ከኢትዮጵያ ለመጣን ግን ሁኔታው ሰፋ ይላል። ወላጆቻችሁ ከኢትዮጵያ መጥተው እናንተ እዚህ ብትወለዱም ጠይቁ፣ አያስከፍልም። የግል ኮሌጅ ከገባችሁ የሚከፍሉት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ልክ ነው፤ ቀሪው ከኪስ ነው።

ተዋጊ ወይም የተዋጊ ድጋፍ ወታደር ለነበረና ቤተሰቡ አቅም ለሌለው ኢምፓክት የሚባል ሚልጋ አለ። በዓመት 4 ሺህ ዶላር፣ እስከ አራት ዓመት። በምትኩ በዓመት 130 ሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራ። በሰዓት 30 ዶላር ገደማ ማለት ነው። የሚገባው ሰው ሌላ አያማርጥ። የአክስቴ ልጅ ግን ቢሮ ነው ያገለገለችው።

ከዚህ ውጭ ለእሷና ለአብዛኞቻችን የማውቃቸው ሁለት ናቸው፤ ፔራህና የአገሪቱ ሎተሪ ድርጅት ፓይስ በከተማው በኩል የሚሰጠው ሚልጋ።

ፔራህ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለ ነው። በሳምንት 4 ሰዓት አንድ ልጅ ይዛችሁ ታስጠናላችሁ፣ ታጫውታላችሁ። የሚያስገኘው የዩኒቨርሲቲውን ክፍያ ግማሽ ገደማ ነው። እኔ በሰዓት ሳሰላው 50 ሸቀል አካባቢ መጣልኝ። እኔም ሠርቼበታለሁ፤ የያዝኩት ልጅ አሁን ሲያገኘኝ አቅፎ ይስመኛል። አልጸጸትም።

የፓይሱ ግን 10 ሺህ ሸቀል ነው። የበጎ ፈቃድ ሰዓቱ ከ130 እስከ 140 ይደርሳል። በሰዓት ከ70 ሸቀል በላይ ነው። ለእኔ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ወንድሜ በዚህ ሚልጋ የተመደበው እዚሁ ሰፈራችን፣ የአረጋውያን ቀን መዋያ ነው። አንዲት እናት በፌስታል ቋጥረው የያዙትን የቢቱዋህ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን) ደብዳቤ አወጡለት። ሦስት ወር ሙሉ ሳይከፈት የቆየ ነበር። ቁጭ ብሎ በአማርኛ አነበበላቸው። እጁን ይዘው መረቁት። አውቶቡስ የለ፣ መንገድ የለ፣ ከቤት አምስት ደቂቃ። ስለዚህ እኔ የከተማውን እመርጣለሁ። ቦታው ውስን ስለሆነ ግን ምዝገባው በተከፈተ ቀን ሙሉ።

አሁን ዋናው ነገር። እባካችሁ ለደላላ አትክፈሉ።

ወንድሜ በመጀመሪያው ዓመት "ሰባት ሚልጋ አወጣልሃለሁ" ላለው ሰው 450 ሸቀል ከፈለ። አንድም አልመጣም። ለምን እንደሆነ ያወቅነው ዘግይተን ነው። አባዬ የተወለደበትን ቀን አያውቅም። መታወቂያው ላይ ቀኑና ወሩ ዜሮ ዜሮ ነው፣ ዓመቱ ብቻ አለ። ብዙ ሽማግሌዎቻችን እንደዚሁ ናቸው። የኢንተርኔቱ ፎርም ዜሮ አልቀበልም ሲለው ደላላው ከራሱ "01/01" ብሎ ሞላ። ከመታወቂያው ጋር አልገጥም አለና ማመልከቻው ተመለሰ። የአያታችን ስምም እዚህ የቤተሰብ ስም ሲሆን በአንዱ ወረቀት በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሌላ ነው የተጻፈው። ይህን አንድ የእኛ ሰው ወዲያው ያየዋል፤ ደላላው አላየውም።

ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር። ግን ደላላው ፎርሙ ላይ የሞላው የራሱን ኢሜይል ነው። መልሱ ለእሱ ደረሰ፣ እኛ ሳናውቅ ቀኑ አለፈ። ስንደውልለት ስልክ አያነሳም።

በሚቀጥለው ዓመት እኔና ወንድሜ ማታ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ራሳችን ሞላነው። የአባዬን መታወቂያ ፎቶ ከአጭር ማብራሪያ ጋር አያያዝን። የሦስት ወር ትሉሽ (የደሞዝ ወረቀት)፣ የባንክ ማረጋገጫ፣ የትምህርት ምዝገባ ወረቀት ጨመርን። ኢሜይሉም የባንክ ቁጥሩም የራሱ የወንድሜ ነው። ምንም አላስከፈለንም። ሁለት ማታ ብቻ ፈጀ፤ ሚልጋውም ወጣለት።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንዱ የትምህርት ክፍያውን ከከፈለ ሌላው ያንኑ ደግሞ አይከፍልም። ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

አክስቴ፣ የባልሽን ትሉሽ ከመሳቢያው አውጥተሽ ጠብቂኝ። ሐሙስ ማታ እመጣለሁ።