ስታቲክ የማይይዝ የጥገና ጠረጴዛ ለሠሩልን የእንጨት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በሳሪስ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት ላላቸው አንድ ባለሙያ ያለኝን ምስጋና በይፋ ለመግለጽ፣ በሞባይል፣ በላፕቶፕና በሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ለተሰማራችሁ ወገኖችም ሥራቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ለጥገና ክፍላችን የሠሩልን ጠረጴዛ፣ መደርደሪያና መሳቢያ ላየው ሰው ጥቁር ግራጫ ቀለም ያለው ተራ የቢሮ ዕቃ ይመስላል፤ ገጹ ግን ከእንጨት ብናኝና ከካርቦን ዱቄት ተጨምቆ የተሠራና ኤሌክትሪክን በዝግታ የሚያሳልፍ ጣውላ ነው።

እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ለምን እንዳስፈለገን ልግለጽ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ፣ ሹራብ ያወለቀ ወይም ከወንበሩ የተነሣ ሰው በሰውነቱ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ያለው ስታቲክ (በሰበቃ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ሊጠራቀምበት ይችላል። ንዝረቱ ለእኛ የሚሰማን 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ አንዳንድ አይሲዎች (በማዘርቦርድ ላይ ያሉ ጥቃቅን ቺፖች) ግን ከ100 ቮልት በታች በሆነ ፍሰት ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ጠጋኙ አንዳች ነገር ሳይሰማው ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። የከፋው ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው የማይታይበት ጊዜ መኖሩ ነው። ዕቃው ተፈትሾ፣ ሠርቶ፣ ለባለቤቱ ከተመለሰ በኋላ ይቆማል፤ ደንበኛውም ጠጋኙን ይወቅሳል።

በየጥገና ቤቱ የምናየው ፎርማይካ የለበሰ ጠረጴዛ ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሆንም። ፎርማይካ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1913 ኩባንያው በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ ሲቋቋም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ መከለያ ሆኖ እንዲያገለግል የተሠራ ምርት ነበር፤ ስለዚህ ቻርጁ ገጹ ላይ ይቀራል። ብረት ማልበስም አይበጅም፤ ቻርጅ የያዘ አይሲ ብረት ሲነካ በቅጽበት ስለሚፈስበት ይጎዳል፣ 220 ቮልት ያለበት ፓወር ሰፕላይ ተከፍቶ በሚሠራበት ጊዜም ለሰው ሕይወት ያሰጋል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ኦም (ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ ነው) የሚለካ ገጽ ነው።

ባለሙያው ይህን ጉዳይ ስናስረዳቸው በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ በቀጥታ ወደ ሥራ አልገቡም፤ አስቀድመው ትንንሽ ናሙናዎች ሠሩ። ካርቦኑ ሲያንስ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለማይነካኩ ጣውላው እንደ ማንኛውም ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ በአንድ ጊዜ መንገድ ይከፈትና የኦም ንባቡ በድንገት ይወርዳል፤ ከዚያም በላይ ቢጨመር ሙጫው ይዳከማል። ረዳታቸው የሆነችው ወጣት የፊት መሸፈኛዋን አድርጋ፣ ካርቦኑ ሌላውን ነጭ ጣውላ እንዳያጠቁር በተለየ ክፍል ውስጥ በሚዛን እየመዘነች ስትቀላቅል አይቻለሁ፤ ለጥንቃቄዋ እርሷንም ከልብ አመሰግናታለሁ።

የሙጫው ምርጫም የእውቀታቸውን ልክ አሳይቶናል። ቪናቪል የሚባለው ነጭ የእንጨት ሙጫ ሙቀት ሲነካው ስለሚለሰልስና የእኛ መበየጃ ካውያ ከ300 ዲግሪ በላይ ስለሚግል፣ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ራሱ የሚሠራበትን የዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ መረጡ። ድብልቁን በስስ ኤምዲኤፍ ላይ በፕሬስ ሲያስጨምቁ ከሥሩ የመዳብ ሪባን ዘረጉ፤ ጣውላው በአንድ ወገን ስቦ እንዳይጎብጥም ተመሳሳዩን ንጣፍ በታችኛው ገጽ ላይ ደገሙት። ተራ ቨርኒሽ ቢቀቡት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ የመጨረሻው ቅብም ካርቦን ያለበት ነው። ቀለሙ የጠቆረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነጭ ጠረጴዛ የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን በልኬቱ ነው። ተራ መልቲሜትር በዚህ መጠን ያለውን ኦም በትክክል ስለማያነብ በ100 ቮልት የሚለካ ሜገር (ከፍተኛ ኦም የሚለካ መሣሪያ) ይዘው መጡና፣ እያንዳንዳቸው ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሁለት ክብ ብረቶችን በገጹ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ እያዘዋወሩ ለኩ። ከመሳቢያዎቹ አንዱ በጥጉ በኩል ከ1 ቢሊዮን ኦም በላይ አነበበ። በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ንጣፉ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ኖሯል። እኛ ጥጉ ብዙም አይነካም ብለን ልንቀበል ስንል እሳቸው አሻፈረኝ አሉ፤ መሳቢያውን መልሰው ወስደው አዲስ ገጽ ሠሩለት።

ጠረጴዛውን ያስረከቡን በክረምት ነበር። እንጨት እርጥበት ሲይዝ ኤሌክትሪክ ማሳለፉ በጣም ስለሚጨምር በዝናብ ወቅት የተገኘ ጥሩ ንባብ ሊያታልል ይችላል፤ ስለዚህ በጥር፣ እኛ ሳንጠራቸው፣ ሜገራቸውን ይዘው መጥተው እንደገና ለኩ። ንባቡ ከፍ ቢልም ከሚፈለገው ወሰን አልወጣም። ለዚህ ምንም ክፍያ አልጠየቁንም።

የሕንፃችን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የመሬት መስመር እንዳልነበረው ያስተዋሉትም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ ቻርጁ መሄጃ ስለማይኖረው፣ በእሳቸው ምክር ኤሌክትሪሺያን አስጠርተን የመዳብ ዘንግ አስቀበርን፤ ጠረጴዛውም በ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል ተያያዘ። እናንተም ወደ እሳቸው ከመሄዳችሁ በፊት የሕንፃችሁን የመሬት መስመር ብታስፈትሹ ጊዜ ትቆጥባላችሁ።

ዋጋቸው ከተራ ጠረጴዛ ይበልጣል፤ ናሙናና ልኬት ስላለበትም ሥራው ቶሎ አያልቅም። የምትቸኩሉ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስታጸዱት ደግሞ ውኃ በነካ ጨርቅ ብቻ ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ የዕቃ ፖሊሽ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ስለሚተውበት አትቀቡት። ስማቸውና ስልካቸው እዚህ እንዲወጣ ባለመፈለጋቸው፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ጠረጴዛውን ማየት ለሚፈልግም የጥገና ክፍላችን ክፍት ነው፤ ሜገር ያለው ይዞ ይምጣና ራሱ ይለካው።