ደሴ በነሐሴ፦ አንሶላው የሚደርቅበት ቤት

አልጋ ልይዝ ስገባ መጀመሪያ ዋጋ አልጠይቅም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ እጄን ከሥሩ እሰዳለሁ። ደረቅ ከሆነ ስለ ዋጋ እንነጋገራለን። ቀዝቀዝ ብሎ እጅ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ አመስግኜ እወጣለሁ።

ይህን ያስተማረችኝ ደሴ ናት። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያለችው። በነሐሴ ጦሳ ጉም ለብሶ ይውላል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ወርዶ ፒያሳ ድረስ ይገባል። የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም። እና አልጋ ቤቱ አንሶላውን የት ነው የሚያደርቀው? በክረምት ደሴ ለሚያድር ሰው ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ባለፈው ነሐሴ እናቴንና የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። እናቴ ያደገችው ደሴ ነው። ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። ከተማዋን ካየች 30 ዓመት አልፏታል። ዘመድ ቤት እንዳንገባ ዘመዶቻችን ግማሹ አልፏል፣ ግማሹ አዲስ አበባ ገብቷል። ሆቴል ደግሞ አቅሜ አይደለም። ለአዳር ከ1,000 ብር እንዳላልፍ ወስኜ ነው የተነሳሁት።

መንገዱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ከሚሴን በፀሐይ አለፍን። ሐረጎን መውጣት ስንጀምር መስኮቱ በጉም ተሸፈነ፣ ሹራብ አውጥተን ለበስን።

መናኸሪያ እንደወረድን “አልጋ አለ እናት! አልጋ ነው?” የሚሉ ልጆች ከበቡን። ደላላ የሚወስዳችሁ ኮሚሽን ወደሚከፍለው ቤት ነው። ኮሚሽኑ ደግሞ ያው ከእንግዳው ኪስ ነው የሚወጣው። እናቴንና ልጄን ከነሻንጣው ሻይ ቤት አስቀምጬ ብቻዬን ዞርኩ። ሁላችሁም እንዲህ አድርጉ። ሻንጣ ተሸክሞ የደከመ ሰው ያገኘውን ነው የሚይዘው። ባዶ እጁን የሚዞር ሰው መምረጥ ይችላል።

የመጀመሪያው ዋናው መንገድ ዳር ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ፔንሲዮን ነበር። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል “ለሰዓት ነው ለአዳር?” አለኝ። ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። እናቴንና ልጄን ግን እዚያ አላስተኛም። ወጣሁ።

ሁለተኛው 700 ብር ነበር፣ ባለ ሻወር። ክፍሉ ሰፊ ነው። እጄን ሰደድኩ፣ እርጥብ። ከአልጋው ራስጌ የአበባ ፖስተር ተለጥፏል። ጠርዙን ገለጥ ሳደርገው ግድግዳው ሻግቶ ጠቁሯል። ሻወሩ ይሠራል? “ውሃ ሲመጣ ይሠራል” አለችኝ አስተናጋጇ። ሮቶ አላችሁ? የላቸውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ቤት “ባለ ሻወር” ብሎ ገንዘብ መቀበሉ ልክ አይደለም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ሦስተኛውና አራተኛው ሞልተዋል። በክረምት ለትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ መምህራን ርካሹን ክፍል በወር ይዘውታል። ሐምሌና ነሐሴ የምትሄዱ ከሆነ ይህን አስቡበት። ዝናብ ነው፣ እንግዳ አይኖርም ብዬ ነበር እኔ።

እግሬ ሲዝል አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ጋ ቁጭ አልኩ። እናቴን ይዤ ነው የመጣሁት፣ ንጹሕ ቤት ጠቁሚኝ አልኳት። “አብሽሪ” አለችኝ። ቡናዬን እስክጨርስ ልጇን ጠርታ አዘጋጀችው። ልጁ እየሮጠ፣ እኔ እየተንሸራተትኩ፣ በጠባብ የድንጋይ መንገድ ወጣን።

በሩ ሰማያዊ ብረት ነው። ሰሌዳ የለውም። “አልጋ አለ” ተብሎ በነጭ ቀለም በእጅ ተጽፎበታል፣ በቃ። ከአይጠየፍ አዳራሽ አሥር ደቂቃ በእግር ቢያስኬድ ነው። ግቢው ውስጥ ዘጠኝ ክፍል አለ። አምስቱ ባለ ሻወር ናቸው፣ 800 ብር። አራቱ መታጠቢያና ሽንት ቤት በጋራ ይጠቀማሉ፣ 450 ብር። ባለቤቷ ስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሙስሊም እናት ናቸው። ዋጋ ልጠይቅ ስል “ግቢና እዪው መጀመሪያ፣ ኋላ እንነጋገራለን” አሉኝ።

ገባሁ። እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰደድኩ።

ደረቅ ነው። ደረቅ ብቻ ሳይሆን ለብ ብሏል። አንሶላውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከሳሙናው ጋር ትንሽ የእንጀራ ጠረን አለው። ግራ ገብቶኝ አየኋቸው። እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ምጣድ ቤቱን ተደግፎ የተሠራ ጠባብ ክፍል አለ። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል። በየቀኑ እንጀራ ይጋገራል። ምጣዱ ሲግል የጋራው ግድግዳ ይሞቃል። አንሶላው፣ ትራስ ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ እዚያ ነው የሚደርቀው። ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። ልክ ከፀሐይ የገባ ልጅ ግንባር ይመስላል። ሄጄ እናቴን አመጣኋት።

ሴትዮዋ እናቴን ሲያዩ “ይግቡ እማማ፣ እግርዎ በስብሷል” አሉና በርጩማ አቀረቡ። የእናቴን ጫማ አውልቀው እምድጃው አጠገብ አቆሙት። መታወቂያ የጠየቁን ቡና ከጠጣን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት በረደን። እናቴ ትንሽ ከሰል እንዲሰጡን ጠየቀች። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ብቻ ነው ፊታቸው የተለወጠው። “ከሰል መኝታ ቤት አላስገባም እማማ። ወላሂ፣ በወርቅ ቢመዝኑልኝ አላስገባም” አሉ። ልክ ናቸው። ብርድ ባለበት አገር በራቸውን ዘግተው፣ ከሰል አንድደው፣ እንደተኙ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም። “በደንብ ይቀጣጠል እንጂ ችግር የለውም” የሚል አልጋ ቤት ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ።

በከሰሉ ፋንታ የሰጡን ይህን ነው። ትንሽ ቢጫ ጀሪካን የሞቀ ውሃ ይሞላሉ። ክዳኑን አጥብቀው ዘቅዝቀው ያዩታል፣ እንዳያንጠባጥብ። ከዚያ የአሮጌ ሹራብ እጅጌ ያለብሱታል። እግርጌ ይገባል። እናቴ እስከ ንጋት እግሯ ሞቆ አደረ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ጀሪካን በር ላይ ተደርድሮ እናገኛለን። ልጄ የሷን ትንሿን “አሻንጉሊቴ” ብላ አቅፋ ነበር የምትተኛው።

ፍልሰታ ነበር። እናቴ ጾመኛ ናት፣ ከቅዳሴ ሳትመለስ እህል አትቀምስም። ሙስሊም ቤት ስለሆነ የምግቡ ነገር አሳስቦኝ ነበር። ሴትዮዋ ሳልጠይቃቸው ከመደርደሪያው አንድ ድስት አውርደው አሳዩን። “ይቺ ቅቤ ነክቷት አታውቅም። ለጾመኛ እንግዳ ናት” አሉ። ማንኪያዋም ለብቻ ነው፣ በቀይ ክር ታስሯል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ነጠላዋን እያራገፈች ስትገባ ሽሮው ይንተከተካል። አንድ ሰው 120 ብር። ለቡና አያስከፍሉም። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥተን፣ ለአገሩም ለልጆቹም ዱዓ ተደርጎ ነው የምንነሳው። እናቴ አሜን ስትል ድምፅዋ ከሁላችንም ጎልቶ ይሰማ ነበር።

የቡሄ ዋዜማ ማታ የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን እየመቱ “ሆያ ሆዬ” እያሉ ግቢው ድረስ ገቡ። ሴትዮዋ ዳቦ ቆርሰው፣ ሳንቲም ጨምረው ሰጧቸው። ልጄ አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም በር ቀዳዳ ነበር የምታያቸው። እዚህ አብራቸው ጨፈረች።

ጉድለቱንም ልናገር። ጀነሬተር የለም። መብራት ሲጠፋ የፀሐይ ባትሪ ይሰጧችኋል፣ ስልክ ግን መሙላት አይቻልም። ዋይፋይ የለም። የጋራው ሽንት ቤት ንጹሕ ነው፤ ግን ግቢውን ተሻግሮ ነው። ሌሊት በዝናብ ጃንጥላ ይዞ መውጣት አለ። አሮጊት ወይም ሕፃን የያዘ ሰው የ450ውን እንዳይይዝ። የድንጋይ ደረጃው እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ መደገፊያ ብረት የለውም። ነግሬያቸዋለሁ፣ አሠራዋለሁ ብለዋል። ሻወሩ ሞቅ ያለ ውሃ የሚሰጠው መብራት ካለ ነው። ከሌለ በባልዲ አፍልተው ያመጡላችኋል፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ደረሰኝ የላቸውም፣ በመሥሪያ ቤት አበል ለሚመጣ ሰው አይሆንም። ክፍያ በጥሬውም በቴሌብርም ይቀበላሉ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም፣ እኔ እሱን እወደዋለሁ። ንጋት ላይ አዛኑም ቅዳሴውም ይሰማል። እንቅልፍ የሚቸግረው ሰው ለጆሮው ጥጥ ይያዝ።

ባጃጆቹ በጊዜ ስለሚገቡ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቤት መግባት ነው። ቁልቁለትና ዳገት በበዛበት ከተማ፣ በዝናብ፣ ከእናት ጋር በእግር አይሞከርም።

አንድ ቀን ሐይቅ ሄድን፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። እናቴ ይህን እያወቀች ነው የመጣችው። ዳር ላይ ቆማ ተሳለመች። ልጄ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በላች። እዚያ ማደር ይቻላል፤ ግን ደረቅ አልጋ ትተን አላደርንም።

የመጨረሻውን ሌሊት ኮምቦልቻ አደርን። የመመለሻ መኪናችን የሚነሳው ከዚያ ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ልዩነቱ፤ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። ዶሮ መዝለያን አልፈን ስንወርድ ሹራባችንን አወለቅን። እዚያ የብርድ ልብሱን ነገር ርሱት። የሚታየው አጎበር ነው። ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፣ ቀዳዳ ካለው ሌላ አስመጡ። የኛ ሁለት ቦታ ተቀዶ ነበር፤ በልጄ የፀጉር ማስያዣ ቋጠርኩት። ሌላው ጣጣ ድምፅ ነው። ኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ መገንጠያ ናት። ዋናው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ሾፌር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሞተር ያሞቃል። ክፍል ስትይዙ ከጓሮ በኩል በሉ። እኛ በ600 ብር ከፊት ለፊት ነበር የያዝነው፤ አልተኛንም።

ደሴ ላይ ለአምስት ሌሊት 4,000 ብር ነበር ሒሳቡ። 3,600 ተቀበሉኝ። ቅናሽ የጠየቅኩት መጀመሪያ ስገባ ነው፣ ስወጣ አይደለም። ከሦስት ሌሊት በላይ የምታድሩ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አያፍሩም አያሳፍሩም። እሑድ ማታ ግን ብትጠይቁም አይሆንም። ለሰኞ ገበያ ከገጠር የሚመጡ ነጋዴዎች አሏቸው፣ የዓመት ደንበኞች ናቸው።

የመስከረም መጨረሻ ደግሞ ሌላ ነው። የግሸን ማርያም ክብረ በዓል መስከረም 21 ስለሆነ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ደሴ በመንገደኛ ትሞላለች። ያኔ አልጋ የሚገኘው በወር ቀድሞ ለደወለ ሰው ነው። እናቴ ዘንድሮ ግሸንን ካልተሳለምኩ ብላለች። ደወልኩ። ግማሹን በቴሌብር ላክሁ። “የትኛውን ክፍል ልያዝልሽ?” አሉኝ። ከምጣድ ቤቱ ጋር የሚጎራበተውን አልኳቸው።