የተገለበጠች የኤሌክትሪክ ባጃጅ በሊትየም ባትሪ፦ የ11 ወራት ልምዴ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ባሕር ዳር ውስጥ ተገልብጣ ከስድስት ወር በላይ በአንድ ጋራዥ አጥር ሥር የቆመች ባለ 60 ቮልት የኤሌክትሪክ ባጃጅ ገዛሁ። የፊት ሹካዋ ተጣሞ፣ ሸራዋም ተቀዶ ነበር፤ ሞተሯ፣ ኮንትሮለሯ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ክፍል) እና የኋላ አክሷ ግን ጤነኛ ነበሩ። ባለቤቱ በርካሽ የለቀቀልኝ ግን ስለተገለበጠች ብቻ ሳይሆን አምስቱ የእርሳስ ባትሪዎቿ ስለደከሙም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አሳድሬ ስሞክራት 18 ኪሎ ሜትር ሄዳ ቆመች። ሹካውን ማቃናትና ሸራውን ማሰፋት የሁለት ቀን ሥራ ስለነበር አላወራበትም፤ ይህ ጽሑፍ ስለ ባትሪው ነው።

የመረጥኩት የሊትየም ብረት ፎስፌት ሴሎችን (ተያይዘው አንዱን ትልቅ ባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ባትሪዎችን) ነው። የእያንዳንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.2፣ ሙሉ ሲሆን ደግሞ 3.65 ነው፤ 20 ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 64 ቮልት ይሰጣሉ፣ ሲሞሉም 73 ቮልት ይደርሳሉ። አምስት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች ቻርጅ ሲደረጉ የሚደርሱበት ቮልቴጅ ከዚህ ብዙም ስለማይርቅ ኮንትሮለሩን መቀየር አላስፈለገኝም። ከዚህም ሌላ ይህ ዓይነቱ ሊትየም ኮባልት ካለባቸው የስልክ ባትሪዎች ይልቅ ሙቀትን የሚችልና በቀላሉ የማይቀጣጠል መሆኑ፣ ተሳፋሪ ከሥሩ ባትሪ ባለበት ወንበር ላይ ለሚቀመጥበት ተሽከርካሪ ትልቅ ነገር ነው።

ሴሎቹ 105 አምፔር-ሰዓት (የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው) ተብለው ነው የተሸጡልኝ። ከመግጠሜ በፊት አንድ በአንድ ሞልቼ፣ አራግፌ ለካሁ፤ ይህ ብቻውን ሁለት ሳምንት ተኩል ወሰደብኝ፣ ባጃጇን የሚነዳት የእህቴ ልጅም «ጋሼ፣ ይህን ያህል ከምንለካ አንድ ዙር ሠርተን አንገባም ነበር?» እያለ ሲያማርር ሰነበተ። ልፋቱ ግን አላስቆጨኝም። አሥራ ስምንቱ ከ103 በላይ ሲሰጡ አንዱ 96፣ አንዱ ደግሞ 97 ብቻ ሰጡ። በተከታታይ በተያያዘ ባትሪ ውስጥ መጀመሪያ ባዶ የሚሆነው ደካማው ሴል ስለሆነ፣ የአሥራ ስምንቱ ጥንካሬ ለእኔ ምንም አይጠቅመኝም ማለት ነው። ሻጩ ብዙ ካከራከረኝ በኋላ ባለ 96ቱን ለወጠልኝ፤ ሁለተኛውን «ከሚፈቀደው ልዩነት ውስጥ ነው» ብሎ ተወው። ስለዚህ የገዛሁት የ105 ቢሆንም የምጠቀመው የ97 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ነው፣ ይህም 6.2 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ በከተማው ውስጥ፣ ከፔዳ እስከ ፖሊ፣ ዓባይ ማዶንም ጨምሮ፣ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሠራበታል፤ ማታ ሲገባ አንድ አምስተኛው ይቀራል። አንድ ቀን ብቻ ሆን ብለን እስኪቆም ነዳነውና ወደ ዘንዘልማ የሚወስደውን መንገድ ደጋግመን 76 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከርቀቱ ይልቅ የገረመኝ ግን ዳገት ላይ ያለው ጠባይ ነው። የእርሳስ ባትሪ ብዙ አምፔር ሲሳብበት ቮልቴጁ ስለሚወርድ፣ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሦስት ሰው ጭኖ መውጣት ማለት አንዱን ወርደህ በእግርህ ተከተለን ማለት ነበር። አሁን ቀኑ ሊመሽ ሲል እንኳ በጠዋቱ ፍጥነት ይወጣል። አንድ የእርሳስ ባትሪ 28 ኪሎ ይመዝን ስለነበር አምስቱ 140 ኪሎ ነበሩ፤ አዲሱ ከነላሜራ ሣጥኑ 52 ኪሎ ነው። የ88 ኪሎ ቅነሳ ለፍሬኑ እፎይታ ሆኖለታል፤ ባዶዋን ስትሄድ ግን የኋላው ባሌስትራ ስለሚደርቅባት ትዘላለች፣ ይህን እስካሁን አላስተካከልኩትም።

እኛ ከተማ ውስጥ ለዚህ ባትሪ ዋነኛው መከራከሪያ ሌላ ነው፤ እርሱም የመብራት መጥፋት ነው። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲያድር ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠነክርበታል፤ በዚያ ላይ የመጨረሻውን ሩብ ለመሙላት ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ መብራት ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ከጠፋ ደግሞ ያንን ሰዓት አያገኝም። የቀድሞዎቹን ባትሪዎች የገደላቸው ግልበጣው ሳይሆን ይህ ይመስለኛል። የሊትየም ብረት ፎስፌት በግማሽ ሆኖ ማደሩ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የሚቆም ከሆነ በግማሽ ማቆየቱ ይመረጣል። አዲሱ ባለ 15 አምፔር ቻርጀር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተሰክቶ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይጨርሳል፤ ከግድግዳው የሚስበው 1.1 ኪሎዋት ያህል ስለሆነ የቤቱን መስመር አያስጨንቅም። የድሮውን ቻርጀር ግን አትጠቀሙ፤ ለእርሳስ ታስቦ ስለተሠራ ሞልቶም አያቆምም።

በ11 ወራት ውስጥ ሴሎቹ ራሳቸው አንድም ቀን አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ በዙሪያቸው ያለው ነገር ሁሉ ነው።

መጀመሪያ የከዳኝ የዳሽቦርዱ ባትሪ መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያነበው ቮልቴጅን ነው፤ የእርሳስ ባትሪ እየተራገፈ ሲሄድ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ ለእርሱ ይሠራለታል። የእኛው ግን ከሞላ ጎደል ከሙሉ እስከ ባዶ ድረስ በአንድ ሴል 3.2 እና 3.3 ቮልት አካባቢ ይቆይና መጨረሻ ላይ በአንዴ ይወርዳል። በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ፤ «ጋሼ፣ አራት መስመር ያሳያል እኮ፣ ግን ቆመች። ሰዎቹም ወርደው ሄዱ።» ቢኤምኤሱ (የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ እየተከታተለ አደጋ ሲያይ ባትሪውን የሚዘጋው መቆጣጠሪያ) ደካማውን ሴል ለማዳን ዘግቶት ነበር። መፍትሔው የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ በአሉታዊው ገመድ ላይ መግጠም ሆነ። እርሱም ቢሆን ቀስ በቀስ ስለሚሳሳት በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ ሙሉ ሞልተን ቁጥሩን ወደ 100 እንመልሰዋለን፤ ይህ ሙሉ ሙሌት ቢኤምኤሱ ሴሎቹን እንዲያስተካክልም ጊዜ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ጠላት ኮብልስቶን ነው። በየካቲት ወር አመሻሽ ላይ ሣጥኑን ከፍቼ ማያያዣዎቹን በእጄ ጀርባ ስዳስስ አንደኛው ከሌሎቹ ይልቅ ትኩስ ሆኖ አገኘሁት፤ ዳዶው በንዝረት ላልቶ የሴሉ ጫፍ ጠቁሯል። የሴሉ ጫፍ አሉሚኒየም ስለሆነ አጠብቃለሁ ብሎ ጉልበት ማብዛት ጥርሱን ያበላሻል። ድርቅ ያሉትን የመዳብ ማያያዣዎች በሚተጣጠፉ ለውጬ፣ ዳዶው እንዳይላላ ስፕሪንግ ሮንዴላ ጨምሬ፣ በየወሩ መጀመሪያ መፈተሽን ልማድ አደረግሁት። በዚያው ፈተሻ ላይ ቺያቬ (መፍቻ) ሁለት የሴል ጫፎችን በአንዴ ነካብኝና የመፍቻው ጫፍ ብልጭ ብሎ ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ መፍቻዎቼ ሁሉ በፕላስተር ተጠቅልለዋል፣ ቀለበቴንም ሳላወልቅ ሣጥኑን አልከፍትም።

ሦስተኛው ክረምት ነው፤ የበዛውን ጊዜ የበላብኝም እርሱ ነው። ሐምሌ ውስጥ በገበያው ዙሪያ ጎርፍ መንገዱን ሲሞላው ውኃው ገመዱ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ወደ ሣጥኑ ሾልኮ ገባ። ሴሎቹን አልነካቸውም። ነገር ግን ቢኤምኤሱ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ የሚያነብባቸው ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ አረንጓዴ ዝገት አወጣ፤ ያ ሽቦ ቮልቴጁን አሳስቶ ስለሚያነብ ባጃጇ ሙሉ ባትሪ ይዛ በቀን አራት አምስት ጊዜ ትጠፋ ጀመር። ለሦስት ቀን ያህል ኮንትሮለሩን፣ የፍጥነት መስጫውን፣ ዋናውን ማብሪያ ስጠራጠር ከረምኩ። በመጨረሻ እያንዳንዱን ሴል በመልቲሜትር ለክቼ ቢኤምኤሱ በስልክ ላይ ከሚያሳየው ጋር ሳስተያየው ነው ስህተቱ የተገለጠልኝ፤ 12ኛው ሴል በመልቲሜትር 3.31 ሲሆን ቢኤምኤሱ 2.7 ይላል። ሣጥኑን ከሻንሲው በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ አስበየድኩት፣ የገመዱን መግቢያ ከጎን ወደ ላይ አዛውሬ ላስቲክ ገጠምኩለት፣ ከሥሩም የውኃ መውጫ ትንሽ ቀዳዳ አስበሳሁ። ከዚያ በኋላ በነሐሴ ዝናብ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ከረመ።

ስለ ወጪው፦ ሴሎቹ፣ ቢኤምኤሱ፣ ቻርጀሩ፣ መለኪያውና ሣጥኑ ተደምረው የአንድ ስብስብ አዲስ የእርሳስ ባትሪ ሦስት እጥፍ ያህል አስወጥተውኛል። በቀን 60 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ሰው የእርሳሱ ስብስብ በዓመት ተኩል ገደማ መለወጡ ስለማይቀር ሒሳቡ ያዋጣል። በቀን ከ25 ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ፣ ለምሳሌ ከቤት ሱቅ ለሚመላለስ ሰው ግን ገንዘቡን እንዲያወጣ አልመክረውም፤ መልቲሜትር መያዝ ለማይፈልግም ጭራሽ አልመክርም።

አሮጌዎቹን አምስት ባትሪዎች ቆራሌው በኪሎ ሊገዛቸው መጥቶ፣ እንዲቀለው አሲዱን ቦይ ውስጥ ልድፋው አለኝ። ያ ቦይ የሚሄደው ወደ ጣና ስለሆነ እንዳሉ እንዲወስዳቸው ከዋጋው ትንሽ ቀነስኩለት፤ ሄዶ ምን እንዳደረጋቸው አላየሁም።

በዚህ መስከረም ደካማውን ሴል ፈትቼ እንደገና ለካሁት፤ 97 የነበረው 95 ሆኗል። ከጠንካሮቹ መካከል የፈተሽኳቸው ሁለቱ ከ102 በላይ ናቸው። ቁጥር 17 ብዬ በቀይ ቀለም ምልክት ያደረግሁበትን ይህንን ሴል የሚተካ ሌላ ከዚያው ሻጭ ላለመግዛት ወስኜ በሌላ በኩል አዝዣለሁ፤ አዲሱ ሴል እስኪመጣ ድረስም የእህቴ ልጅ መለኪያው 15 በመቶ ላይ ሲደርስ ወደ ቤት እንዲመለስ ተስማምተናል።