ለአሮጌ የናፍጣ ማርቸዲስ የቱን ማንዋል ልግዛ? ቀጭኑን፣ የፋብሪካውን ወይስ ዩቲዩብ ይበቃል

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ይህንኑ ጠየቁኝ። አንደኛው የ1983 300ዲ ገዝቶ "ጋራዥ ካስለመድኳት አለቀልኝ፣ ራሴ ነኝ የምሰራት፣ የቱን መጽሐፍ ልግዛ" ይለኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግም አንዴ ልጻፈው። የማወራው ስለ ደብልዩ 123 (የማርቸዲስ የሞዴል ኮድ ነው) ናፍጣዎቹ ነው፣ 240ዲ እና 300ዲ። የኔም የ1983 ቱርቦ ናት፣ እዚህ ሜሪላንድ ስድስት ዓመት ነዳኋት።

መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የፋብሪካውን ግዙ። በወረቀት የታተመውን።

አውቃለሁ፣ ዋጋው ያስደነግጣል። ቀጭኑን ማንዋል (ለተራ ሰው በቀላል ቋንቋ የተጻፈውን) አዲሱን በ35 ዶላር፣ ያገለገለውን በ15 ታገኙታላችሁ። የፋብሪካው ግን የሞተሩ ጥራዝ ለብቻው ነው፣ የሻሲው ለብቻው። እኔ ያገለገሉ ገዝቼ ለሞተሩ 90፣ ለሻሲው 110፣ ለፖስታ 18፣ በድምሩ 218 ዶላር ወጣብኝ። ባለቤቴ "ለመጽሐፍ?" አለችኝ። ግን አስቡት፣ ለቫልቭ ማስተካከል ብቻ አንድ ጋራዥ 280 ዶላር ጠይቆኛል፣ ያውም በየ15 ሺህ ማይሉ የሚመጣ ስራ ነው። አንድ ጊዜ ራሳችሁ ከሰራችሁት መጽሐፉ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው።

እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ኦንላይን ከአንድ ሻጭ "ሙሉ የፋብሪካ ማንዋል" የሚል ሲዲ በ19 ዶላር ገዛሁ። ገጾቹ ጠመም ብለው ነው ስካን የተደረጉት፣ ጠርዛቸው ተቆርጧል፣ ሠንጠረዦቹ ደብዝዘዋል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት ጋ ስደርስ 0.3 ካለ በኋላ ያለችው ቁጥር ጥቁር ነጥብ ሆናለች። 0 ትሁን 5 አይለይም። ዜሮ ናት ብዬ በ0.30 ሚሊሜትር አስተካከልኩት። ቱርቦ ለሌለው 300ዲ ልክ ነው፣ ለቱርቦው ግን 0.35 ነው (የአየር ማስገቢያው በሁለቱም 0.10 ነው፣ ሞተሩ በርዶ)። ክፉነቱ ደግሞ የጠበበ ቫልቭ አይጮህም፣ እንዲያውም ሞተሩ ጸጥ ይልና ደስ ይላችኋል፣ ውስጥ ግን ቫልቩ ሲሞቅ ልክ አይገጥምም፣ ኮምፕሬሽን ይወርዳል፣ ሲቆይ ቫልቩ ይቃጠላል። ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ነው ያየሁት፣ ክዳኑን እንደገና ከፍቼ በሁለት 14 ቺያቬ አምስቱንም ደገምኳቸው። ቅዳሜዬም ሄደ፣ አዲስ ጓርኒሲዮንም ገዛሁ፣ 19 ዶላሩም ውሃ በላው።

ዩቲዩብ ነጻ ነው፣ አልጠላውም። እጅ የት እንደሚገባ፣ ቺያቬው በየት በኩል እንደሚዞር ለማየት ከሱ የሚሻል የለም። ችግሩ ሰውየው የሚያሳየው የራሱን መኪና ነው። የቆዩት 300ዲዎች ግሎው ፕላጋቸው (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) በተከታታይ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ፣ የኋለኞቹ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ናቸው፣ እና የአንዱን ቪዲዮ አይቶ የሌላውን የሚፈትሽ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለካ ይውላል። እኔንም ደርሶብኛል። አንድ ቀን ቁልፉን አወጣሁ፣ ሞተሩ አልጠፋም! ኮፈኑን ከፍቼ "ስቶፕ" የምትለውን ዘንግ ተጭኜ አጠፋሁት። ቪዲዮው ነዳጅ ፓምፑ ላይ ያለውን ማጥፊያ ቀይር አለ፣ በ60 ዶላር ቀየርኩ፣ ያው ነው። ይህን ሞተር የሚያጠፋው ቫክዩም (የአየር መሳብ ኃይል) ነው፣ የፋብሪካውን የቫክዩም ስዕል ስከፍት የበር መቆለፊያዎቹም ከዚያው ቫክዩም እንደሚጠጡ አየሁ። ወደ በሮቹ የሚሄዱትን ቢጫ ቱቦዎች ነቅዬ ደፈንኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሩ ወዲያው ጸጥ አለ። የኋላ ግራ በር መቆለፊያ ውስጥ ያለችው ጎማ ተቀድዳ ነው ለካ፣ 12 ዶላር።

ቀጭኑስ? ለጀማሪ አይከፋም፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ ምናምን በቀላል ቋንቋ ያስረዳል። ግን ብዙ ሞዴል በአንድ ላይ ስለሚጠርዝ ነገሩ ጠበቅ ሲል "ባለሙያ ጋ ውሰዱት" ይላችኋል፣ እናንተ ደግሞ መጽሐፉን የገዛችሁት ላለመውሰድ ነው። በ15 ዶላር ካገኛችሁት ያዙት፣ 35 ግን አትክፈሉ።

የፋብሪካውም ጉድለት አለው። የተጻፈው ለሰለጠነ መካኒክ ነው፣ ልዩ መሳሪያ ያለው ይመስለዋል፣ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ግን አንዴ ቁጥሮቹን ከለመዳችሁ፣ 05 የቫልቭና ታይሚንግ፣ 07 የነዳጅ ኢንጀክሽን፣ 15 ኤሌክትሪክ፣ 42 ፍሬን፣ የፈለጋችሁት ጋ ቀጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ፎርጅድ ዕቃ ግን እሱም አይነግራችሁም፣ የኖዝል መመለሻ ቱቦ (ትርፉን ናፍጣ የሚመልሰው፣ 3.2 ሚሊ ነው) በርካሽ ገዝቼ በአንድ ክረምት ተሰነጣጥቆ ናፍጣ ሲያዘንብ ነበር፣ ስለዚህ እሱ ላይ ሁለት ሦስት ዶላር አትሰስቱ።

ስትገዙ ሽፋኑ ላይ የሞተሩን ቁጥር እዩ። እዚህ አሜሪካ ያለው የ1983 300ዲ ቱርቦ 617.952 ነው፣ ቱርቦ የሌለው 617.912፣ 240ዲ ደግሞ 616። ሻጩን የቫልቭ ክፍተት ሠንጠረዡን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። 0.35ቱ ጥርት ብሎ ካልተነበበ ብራችሁን ያዙ።