«ግራን ክሩ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ብቻ እንዳትገዙ፦ ለፈረንሳይ ቀይ ወይን ገዢዎች ማስጠንቀቂያ

ለሠርግም ሆነ ለምርቃት ስጦታ የፈረንሳይ ቀይ ወይን የምትገዙ ተጠንቀቁ። በተለይ በእንጨት ሳጥን ታሽጎ «ግራን ክሩ፣ የ90 ዩሮው በ35» እየተባለ በኢንተርኔት ከሚሸጠው። ወይኑ ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያውኑ 90 ዩሮ የማያወጣ ወይን በአንድ ቃል ዋጋው ተሰቅሎ «ቅናሽ» ሲባል ተበላችሁ ማለት ነው።

«ግራን ክሩ» በፈረንሳይኛ «ታላቅ ማሳ» እንደማለት ነው፤ ግን በየአካባቢው ትርጉሙ ይለያያል። በቡርጎኝ የወይን ክልል «ግራን ክሩ» የሚባለው ማሳው ነው፤ ማዕረጉም ለ33 ቦታዎች ብቻ የተሰጠ ነው። በቦርዶ ክልል በሴንት ኤሚሊዮን ግን «ሴንት ኤሚሊዮን ግራን ክሩ» የምርት አካባቢ ስያሜ ነው። ከተራው ሴንት ኤሚሊዮን የሚለየው ከሄክታር የሚሰበሰበው መጠን ስላነሰና ወይኑ ከመሸጡ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ አምራቾች ይጠቀሙበታል። ተመዝኖ ደረጃ የተሰጠው «ግራን ክሩ ክላሴ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022ቱ ምደባ ይህን ያገኙት 85 የወይን እርሻ ይዞታዎች ናቸው። ስለዚህ «ክላሴ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ። ዝነኞቹ የሴንት ኤሚሊዮን ይዞታዎች ሼቫል ብላንና ኦዞን በራሳቸው ፈቃድ ከምደባው ስለወጡ ቃሏ በአዲሶቹ ጠርሙሶቻቸው ላይ የለችም፤ የእነሱን በ35 ዩሮ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ግን ጭራሽ አትንኩት።

«ግራን ቫን ደ ቦርዶ» (የቦርዶ ታላቅ ወይን) የሚለው በወርቅ ቀለም የተጻፈ ሐረግም የደረጃ ማረጋገጫ አይደለም። «ሻቶ» ስለተባለም ግንብ ያለው ርስት አለ ማለት አይደለም፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአንድ አባሉን ወይን ለይቶ ጠምቆ በዚያ ስም መሸጥ ይችላል።

የቦታ ስምም ያሳስታል። «ማርጎ» በቦርዶ ያለ የምርት አካባቢ ነው፣ «ሻቶ ማርጎ» ግን እ.ኤ.አ. በ1855ቱ የቦርዶ ወይኖች ምደባ አንደኛ ደረጃ የያዘ አንድ ይዞታ ነው። በቡርጎኝ ደግሞ ገቭሬ የሚባለው መንደር እ.ኤ.አ. በ1847 የዝነኛ ማሳውን የሻምበርተንን ስም በራሱ ላይ ቀጠለ። «ገቭሬ ሻምበርተን» የመንደሩ ወይን ነው፤ «ሻምበርተን ግራን ክሩ» ከዚያ አንድ ማሳ የተለቀመ። የዋጋቸው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ማሳው ትክክል ቢሆንም የአምራቹን ስም ሳታዩ አትለፉ፦ ክሎ ደ ቩዦ የተባለው የቡርጎኝ ግራን ክሩ ማሳ 50 ሄክታር ገደማ ሆኖ 80 ያህል ባለቤቶች ተከፋፍለውታል፣ የሁሉም ሙያ እኩል አይደለም።

ጠርሙሱ እጃችሁ ሲገባ ወደ ብርሃን አንሱት። አሥር ዓመት ያልሞላው የቦርዶ ወይን አንገቱ ውስጥ መድረስ አለበት፤ ወደ ትከሻው ከወረደ ቡሹ አስተንፍሷል። ከቡሹ በላይ ያለውን ቆብ በጣታችሁ ዳብሱ። ወደ ላይ ተነፍቶ ከሆነ ወይም ከሥሩ የደረቀ፣ የሚያጣብቅ የወይን ጠብታ ካለ ሙቀት መትቶታል፤ ወይኑ ሲሞቅ ይሰፋና ቡሹን ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ አየር ይስባል። እንዲህ ያለው ሲከፈት ትኩስ ፍሬ ሳይሆን ማርማላታ ይሸታል። ፀሐይ በሚያገኘው የሱቅ መስኮት ቆሞ የከረመውን ይህ ያሰጋዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት የፊቱንና የጀርባውን መለያ ፎቶ ጠይቁ። የይዞታውን ስም ከነመከር ዓመቱ ወስዳችሁ ሌሎች ሦስት ሻጮች ዘንድ ስንት እንደሚሸጥ እዩ፤ የሌላ ዓመት ዋጋ አይሠራም። ፎቶውን አልልክም ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።