«ሪሴት አድርጉት» አትበሉኝ፦ ጅማ ላይ የተጠቀምኩባቸው የዋይፋይ ጥገናዎች

ጅማ ቤተሰብ ጋ ለእረፍት የገባ ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ «ዋይፋዩ አለ፣ ኢንተርኔቱ የለም» ይባላል። ለዚህ ጉዳይ ሦስት ዓይነት አገልግሎት ተጠቅሜያለሁ፦ መርካቶ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ፣ የስልክ መረጃ እና ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ። ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ሱቁ፦ ከአምስት አንድ ኮከብ። ልጁ ራውተሩን ሰካ፣ መብራቶቹን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ስቴኪኒ የሪሴት ቀዳዳው ውስጥ ከቶ 10 ሰከንድ ያዘና «በቃ፣ ተስተካክሏል» አለ። አልተስተካከለም፤ እንዲያውም ባሰ። ሪሴት ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ያደርገዋል። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ብቻ ሳይሆን አቅራቢው የሰጠውን የፒፒፒኦኢ (ራውተሩ መስመሩ ላይ የሚገባበት) ዩዘርኔምና ፓስወርድም ያጠፋል። እነዚህ የተጻፉበት ወረቀት ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ችግሩ መጀመሪያ ያልተከፈለ ሂሳብ ብቻ ቢሆን እንኳ አሁን ሁለት ችግር ሆኗል። አጥፍቶ ማብራት ሌላ ነገር ነው፣ ምንም አይጎዳም፦ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ 30 ሰከንድ ቆዩ፣ መልሳችሁ ሰኩና 3 ደቂቃ ጠብቁ። ሰው የሚሳሳተው በዚህ በ3 ደቂቃው ነው፤ መስመሩ ገና እየተገናኘ ሳለ «አልሠራም» ብሎ ደግሞ ይነቅለዋል።

ማንንም ከመጥራት በፊት መብራቶቹን ማንበብ ያስፈልጋል። የፋይበር ሳጥን (ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ገመድ የሚገባበት) ላይ «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ከረጋ ብርሃኑ ቤት ደርሷል ማለት ነው። ብልጭ ድርግም ካለ ከዋናው ጣቢያ ጋር ገና አልተዋወቀም። «ሎስ» የሚለው ቀይ ከበራ ደግሞ ብርሃኑ ጭራሽ አልደረሰም፤ ያኔ የዋይፋይ ፓስወርድ መቀየርም ሆነ ስልኩን ማጥፋትና ማብራት ምንም አይፈይድም። ፖኑ አረንጓዴ፣ ሎሱ ጠፍቶ፣ «ኢንተርኔት» የሚለው ብቻ ካልበራ ወይ ሂሳብ ነው ወይ ዩዘርኔምና ፓስወርድ። ወርሃዊ ክፍያ ካለፈ መስመሩ ይዘጋል፣ ዋይፋዩ ግን ስልክ ላይ ሙሉ ሆኖ መታየቱን ይቀጥላል። ዋይፋዩ የሚመጣው ከራውተሩ እንጂ ከመስመሩ አይደለማ! ቤት ያሉት «ዋይፋዩማ ሙሉ ነው» ሲሉ አትመኑ።

ለኢትዮ ቴሌኮሙ 994 ኮከብ አልሰጥም፤ ውጤቱን የሚወስነው ደዋዩ ይዞት የሚደውለው መረጃ ነው። የአገልግሎት ቁጥሩን፣ ውሉ በማን ስም እንደሆነ፣ የትኛው መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው እና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ጽፋችሁ ደውሉ። «ኢንተርኔት አይሠራም» ከማለት «ሎስ ቀይ ነው» ማለት ጉዳዩን በቀጥታ ወደ መስመር ጥገና ይወስደዋል። ውሉ በእማማ ወይም በአባባ ስም ከሆነ እነሱን አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ባለሙያው፦ አምስት ከአምስት። ገና እንደገባ ራውተሩን አልነካም፤ ከግድግዳው እስከ ሳጥኑ ገመዱን በእጁ ተከተለ። ቡፌው ጀርባ ላይ ገመዱ ተጨምቆ ተጣጥፏል። ገመዱን ነቅሎ ሲለካ የብርሃን መለኪያው −31 ዲቢኤም አነበበ (ዲቢኤም የብርሃኑ ጥንካሬ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ብርሃኑ ይደክማል)። የቤት ፋይበር ሳጥኖች በተለምዶ ከ−8 እስከ −27 ባለው ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ከ−27 ካነሰ ይጠፋሉ ወይም ይቆራረጣሉ። ቡፌውን ጎትቶ፣ ገመዱን ሰፊ ክብ አድርጎ ሲዘረጋውና ጫፉን በአልኮል ሲያጸዳው ወደ −22 ተመለሰ። ሎሱም ጠፋ። ፋይበር ሲታጠፍ ባይሰበርም ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ይፈሳል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ካለው ክብ በታች አትጠምዝዙት። አረንጓዴውን ጫፍ ሰማያዊ ማገናኛ ውስጥ አታስገቡ፤ አረንጓዴው ፊቱ በ8 ዲግሪ የተዘመመ ስለሆነ ቢገባም ፊት ለፊት አይገጥምም። ጫፉን በዓይን ማየትም ክልክል ነው፣ ጨረሩ ባይታይም ሊጎዳ ይችላል።

በመዳብ የስልክ መስመር ለሚጠቀሙ ነገሩ ሌላ ነው። የጅማ ክረምት ደግሞ ይታወቃል። ራውተሩን ነቅላችሁ የቤት ስልክ በቀጥታ መስመሩ ላይ ሰክታችሁ ስሙ። ድምፁ ውስጥ «እሽሽሽ» ወይም «ቅርቅር» ካለ መጋጠሚያው ውሃ ገብቶታል፣ የአቅራቢው የመስመር ሠራተኛ እንጂ የራውተር ጠጋኝ አያድነውም። ድምፁ ንጹህ ከሆነ ስፕሊተሩን (ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለየውን ትንሽ ሳጥን) ተመልከቱ፦ «ላይን» ከግድግዳ፣ «ፎን» ለስልክ፣ «ሞደም» ለራውተር። ተገለባብጦ ከተሰካ ወይም ሌላ ክፍል ያለ ስልክ ያለ ስፕሊተር ከተያያዘ ስልክ በተነሳ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይወድቃል። ራውተሩ ገጽ ላይ የኖይዝ ማርጂኑ (የመስመሩ ምልክት ከረብሻው የሚበልጥበት መጠን) ከ6 ዲቢ ካነሰ መቆራረጥ ይጠበቃል።

አሁን ከውጭ ለምንመጣው። ከአሜሪካ የመጣ የኬብል ሞደም እዚህ ጌጥ ነው፤ የሚሰካበት የኬብል መስመር የለም። ተራ ራውተር ግን ጥሩ ስጦታ ነው፣ ሁለት ነገር ከተጠነቀቁ። አንደኛ፣ ከአሜሪካ የመጣው አዳፕተር ላይ 100–240 ቮልት ካልተጻፈ በ220 ቮልት ይቃጠላል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ራውተሩ የሚፈልገውን ቮልትና አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር እዚሁ ግዙ። ሁለተኛ፣ የአቅራቢው ሳጥንም አዲሱ ራውተርም የኔትወርክ አድራሻቸው (አይፒ) 192.168.1.1 ከሆነ ይጋጫሉ። አዲሱን 192.168.2.1 አድርጉት፤ ወይም ከዚህ የሚቀልለው፣ የአክሰስ ፖይንት ሁኔታ (ራሱ አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭበት) ላይ አድርጉት። ገመዱ ከአሮጌው ሳጥን «ላን» ከሚለው ቀዳዳ ወጥቶ አዲሱ «ዋን» የሚለው ውስጥ መግባቱን እዩ። ብዙ ጊዜ ላን ከላን ጋር ተሰክቶ አገኛለሁ፤ ያኔ ሁለቱም አይፒ ያድላሉና ግማሹ ስልክ ይሠራል ግማሹ አይሠራም።

ሌላም አለ፦ የቤቱ ሰው ሁሉ ዋይፋዩን ያያል፣ የእናንተ ላፕቶፕ ብቻ አያየውም። ራውተሩ በቻናል 12 ወይም 13 እያሰራጨ ሊሆን ይችላል፤ ሰሜን አሜሪካ የተገዙ ብዙ ዕቃዎች እነዚህን ቻናሎች አይከፍቱም። ከ1፣ 6 ወይም 11 አንዱን ምረጡ። ስልኩ ከተገናኘ በኋላ አይፒው በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ዋይፋዩን «እርሳ» ብላችሁ እንደገና ግቡ። ፒንግ 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ አድራሻ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚሞክር ትዕዛዝ) መልስ እየሰጠ ድረ ገጽ ካልከፈተ ደግሞ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረውን) 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርጉት።

መብራትን በተመለከተ፣ መብራት ሲሄድ ራውተሩን መንቀል ልማድ ይሁን። የሚያቃጥለው ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው። ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬቱ ጋር የስልክ መስመሩንም ንቀሉ፣ መብረቅ በመዳቡም ይገባል። ፋይበሩ ይቆይ፤ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አነስተኛዋን የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የምትሠራ ባትሪ) ስትገዙ የራውተሩን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ። 12 ቮልት 1.5 አምፔር የሚል ከሆነ 12 ቮልት ብቻ መሆኑን ሳይሆን ቢያንስ 1.5 አምፔር መስጠቷን ጠይቁ፤ ካነሰች ራውተሩ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን እያጠፋ ይበራል፣ ሰውም «መስመሩ ነው» ብሎ ባለሙያ ይጠራል። የፋይበር ሳጥኑና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ዩፒኤሷ ሁለት መውጫ ያላት መሆን አለባት።