ትልቅ ጎማ ብለው ደካማ ጎማ ገጠሙልኝ፤ ተጠንቀቁ

የሆነው ትናንት ከሰዓት ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከባድ ፒካፕ ያላችሁ ሰዎች እነዚህን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ገና ከመኪናችሁ ስትወርዱ «ወንድሜ፣ ይሄን የመሰለ መኪና በዚህች ጎማ?» የሚሉት ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው ትልቅ ጎማ የገጠሙለትን መኪና ፎቶ ያሳያሉ። ከዚያ «ለዛሬ ብቻ» የሚባል ዋጋ ይመጣል። «አሮጌውን ተቀብለን እንቀንስልሃለን» ይላሉ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ገባሁበት።

መኪናዬ ከፋብሪካ ይዛ የመጣችው ጎማ 265/70 አር 17 ነው። የመሸከም ደረጃው (ሎድ ሬንጅ የሚሉት) ኢ ነው፣ ሰው 10 ፕላይ የሚለው። የምሠራው ጭነት ነው፤ ተጎታችም እጎትታለሁ። ለሻጩ መጀመሪያ የነገርኩትም ይህንን ነው። «ጭነት ነው የምጭንበት፣ 10 ፕላይ ካልሆነ አልፈልግም» አልኩት። ደግሜም አልኩት። ጎማውን በቡጢ መታ መታ አደረገና «ይሄማ ካንተው ይበልጣል፣ 10 ፕላይ ነው» አለኝ። ያቀረበልኝ 315/70 አር 17 ነው። ከድሮው በቁመት 7 ሴንቲ ሜትር፣ በወርድ 5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ዓይኔ ግዝፈቱ ላይ ቀረ። ሙሉውን ከፈልኩ።

አራቱም ከተገጠሙ በኋላ መሪውን ዳር ድረስ አዞርኩት። ጎማው ከፓራፋንጎው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፋቀው። ጎሚስታው ምንም ሳይጠይቀኝ ቢላዋ አነሳ። የመኪናዬን ፕላስቲክ ቆርጦ ቁራጩን መሬት ላይ ወረወረውና «አሁን አይነካም» አለ። ምን ያህል እንደቆረጠ ለማየት ተንበረከኩ። ዓይኔ የጎማው ጎን ላይ ያለች ትንሽ ጽሑፍ ላይ ያረፈው ያኔ ነው። 113/110። ቀጥሎ፣ ሎድ ሬንጅ ሲ።

እንደተንበረከኩ ደግሜ አነበብኩት። ተነስቼ ወደ ሌላኛው ጎማ ሄድኩ። እሱም ሲ ነው። አራቱም ሲ ናቸው።

ሲ ማለት 6 ፕላይ ነው። የድሮው ጎማዬ የመሸከም ቁጥር 121 ነበር፤ አንዱ ጎማ 1450 ኪሎ ይሸከማል። 113 ግን 1150 ኪሎ ብቻ ነው። የኋላውን ሁለቱን ደምሩት። 2900 የነበረው 2300 ሆነ ማለት ነው። የመኪናዬ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ ለኋላ አክስል ከ2700 ኪሎ በላይ ይፈቅዳል። እኔም እስከዚያው ጭኜ ነው የምሄደው። ጭነት ይዤ ቁልቁለት ላይ ጎማው ቢፈነዳ፣ የሚያልቀው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከፊቴ ያለውም ሰው ነው።

ሻጩን ጠራሁት። ፊደሉን በጣቴ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም። «ትልቅ ጎማ አይደል የፈለግከው? ትልቅ ሰጠንህ» አለኝ። «10 ፕላይ ነው ብለኸኝ አልነበር?» ስለው ወደ ሠራተኞቹ ዞረና «ፊደል እየቆጠረ የሚገዛ መጣላችሁ» አለ። ሳቁ። ቢላዋ የያዘው ልጅም ሳቀ። «በቃ አውርዱልኝ፣ የድሮዎቹን መልሱልኝ» አልኩ። «እነሱማ ሄዱ» አለ። ለካ እኔ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ሰው መጥቶ ጭኗቸዋል። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ጎማዎቹ ከመገጠማቸው በፊት ግድግዳ ተደግፈው ከፊቴ ቆመው ነበር። ጎንበስ ብል ይነበባል። እኔ ግን ጎማው ላይ የተጻፈውን ትቼ የሰውየውን አፍ አመንኩ። ስንት ዓመት ጭነት የሠራሁ ሰው ነኝ።

ሌላም ጣጣ አለ። የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል እኔ 109 ገደማ እየሄድኩ ነው። መኪናዋ ዳገት ላይ ከብዷታል። ስኮርታዬ የድሮው ልክ ስለሆነች ከአዲሶቹ ጋር አትሄድም። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ከመክፈሌ በፊት የነገረኝ የለም።

የዛሬውን ጭነት ሰርዣለሁ። መኪናዋ ቆማለች።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መኪናችሁ ክሪክ ላይ ሳይወጣ ፊደሉንና ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ ከበሩ ወረቀት ጋርም አስተያዩት። ደረሰኙ ላይም ያስፍሩላችሁ። አሮጌ ጎማችሁን ደግሞ መሪውን ዳር እስከ ዳር አዙራችሁ እስክታዩ ድረስ ለማንም አትልቀቁ።